አይባክ ፕሮ-ኪት ሞላ፦ ሴዳኑ ዝቅ ሲል ምቾቱ አብሮ እንዳይወርድ

የአይባክ ፕሮ-ኪት ሞላ የስፖርት ሴዳንን 30 ሚ.ሜ. አካባቢ ዝቅ አድርጎ፣ መኪናው በየቀኑ የሚነዳ ሆኖ እንዲቀጥል ማድረግ ይችላል። ሞላውን ብቻ ገዝቶ ባረጀ ሾክ (የሞላውን ንዝረት የሚያረግበው ክፍል) ላይ የሚያስር ሰው ግን ገንዘቡን ግማሹን እንደጣለ ይቁጠረው። «ዝቅ ያለ መኪና ወገብ ይሰብራል» የሚለው ስሞታ ሲመረመር፣ አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ወደ ላይ የሚጓዝበት ቦታ አልቆ ወይም ሾኩ ደክሞ ይገኛል። የሞላው ጥንካሬ ከተከሳሾቹ መካከል መጨረሻ ላይ የሚቀመጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ከአራቱ ሞላዎች ይልቅ በዙሪያቸው ስላለው ነገር ብዙ ይወራል።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው

አይባክ ከ1951 ጀምሮ ያለ የጀርመን ሞላ አምራች ነው፤ መቀመጫው ፊነንትሮፕ ነው። ዋና ተፎካካሪው ኤች ኤንድ አርም እዚያው አካባቢ ሌነሽታት ውስጥ ነው የሚሠራው። ፕሮ-ኪት የአይባክ ለስላሳው መስመር ነው። እንደ መኪናው ሞዴል ቢለያይም አወራረዱ 30 ሚ.ሜ. ዙሪያ ነው፤ ከኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ ያንሳል። ስፖርትላይን የተባለው ወንድሙ ወደ 45 ሚ.ሜ. እና ከዚያም በላይ ይወርዳል፤ ምቾት ለሚፈልግ ሰው እሱን ከዝርዝሩ ማውጣት ይሻላል። ምክንያቱ ከታች በቁጥር ይታያል።

አራቱ ሞላዎች ከነክፍል ቁጥራቸው፣ ከመግጠሚያ ወረቀታቸው ጋር ይመጣሉ። ለአንዳንድ ሞዴል ባምፕ ስቶፕም (ጎማው ወደ ላይ ሲጓዝ መጨረሻ ላይ የሚያቆመው መደገፊያ) ይጨመርበታል። ሞላው ላይ የታተመው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር መመሳሰል አለበት፤ ፊትና ኋላ ብቻ ሳይሆን፣ በሞተር ክብደትና በአራት ጎማ ተነጂነት የሚለያዩ ቁጥሮች አሉ። ለቀላል ባለ አራት ሲሊንደር የተሠራ ሞላ ከባድ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ላይ ከተገጠመ አፍንጫው ከታሰበው በላይ ይደፋል፤ በተቃራኒው ከሆነ ፊቱ ቀና ብሎ ይቀራል። ሳጥኑ ላይ ያለው የአክስል ጭነት ልክ ከመኪናው መለያ ሰሌዳ ጋር ይነጻጸር።

አንድ የሚያከራክር ነገር እዚህ ላይ አለ። ማስታወቂያው ላይ ያለው 30 ሚ.ሜ. የሚቆጠረው ከመደበኛው ከፍታ ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ስፖርት ሰስፔንሽን (የሞላና የሾክ ሥርዓት) ይዞ ከሆነ ቀድሞውኑ 10 ወይም 15 ሚ.ሜ. ወርዷል። ስለዚህ ገዢው በዓይኑ የሚያየው ለውጥ 15 ወይም 20 ሚ.ሜ. ብቻ ይሆናል። «አልወረደም» ብሎ ዕቃውን የሚመልስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን አላሰበም።

ፕሮግረሲቭ ማለት ምን እንደሆነ

የፕሮ-ኪት ሞላ ከአንድ ጫፉ ጥቅሎቹ ተጠጋግተው፣ ወደ ሌላው ጫፍ ደግሞ ተራርቀው ይታያሉ። ጭነት ሲመጣ የተጠጋጉት ጥቅሎች ቀድመው ይነካካሉ፤ ከተነካኩ በኋላ ሥራ ያቆማሉ። የሚሠሩት ጥቅሎች ቁጥር ሲያንስ ደግሞ የቀረው ሞላ ይጠነክራል። በዚህ ምክንያት ትንንሽ ንዝረት ላይ ለስለስ፣ ትልቅ ጉድጓድና ጠበቅ ያለ ኩርባ ላይ ጠንከር ይላል።

ይህ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ብዙውን ጊዜ መኪናው በራሱ ክብደት ሲቆም ለስላሶቹ ጥቅሎች ተነካክተው አልቀዋል። እነዚህ ጥቅሎች እዚያ የተቀመጡበት ትልቁ ምክንያት መኪናው በክሪክ ሲነሳ ወይም ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሞላው ከማረፊያው እንዳይወጣ ነው። ይህን ለማየት ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል።

ስሌቱ

አንድ የፊት ጎማ 380 ኪ.ግ. የሚሸከም ሴዳን እንውሰድ። የፋብሪካው ሞላ 25 ኒውተን በሚ.ሜ. ይሁን፤ ማለትም አንድ ሚ.ሜ. ለማመቅ 25 ኒውተን ኃይል ይፈልጋል። መኪናው ሲቆም ሞላው 149 ሚ.ሜ. ያህል ታምቋል ማለት ነው፤ የቦዲው የመወዛወዝ ፍጥነትም 1.29 ኸርዝ (በሰከንድ 1.29 ጊዜ) ይሆናል። አሁን 20 በመቶ የጠነከረ፣ 30 ኒውተን በሚ.ሜ. የሆነ ሞላ ይግባ። ፍጥነቱ ወደ 1.41 ኸርዝ ከፍ ይላል። ይህ በመቀመጫ ላይ የሚታወቅ ቢሆንም የሚያማርር ለውጥ አይደለም። ብዙ የስፖርት ሴዳኖች ከፋብሪካቸው በዚሁ ክልል ውስጥ ናቸው።

ታዲያ ምቾቱን የሚበላው ምንድን ነው? ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ማነሱ ነው። ፋብሪካው ባምፕ ስቶፑ ከመነካቱ በፊት 60 ሚ.ሜ. ትቶ ከሆነ፣ መኪናው 30 ሚ.ሜ. ሲወርድ የሚቀረው 30 ሚ.ሜ. ነው። መኪናው ከቆመበት ከፍታ ጀምሮ ሞላው ስቶፑ እስኪነካ ድረስ ተጨማሪ መያዝ የሚችለው ጉልበት በፊት 45 ጁል ነበር፤ አሁን 13.5 ጁል ሆነ፤ አንድ ሦስተኛም አይሞላም። ሞላው በ20 በመቶ መጠንከሩ ይህን ጉድለት አይሞላም። በሞላ ብቻ ለመሙላት ጥንካሬው አራት እጥፍ፣ 100 ኒውተን በሚ.ሜ. መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ ሞላ ያለው መኪና ደግሞ የውድድር መኪና ነው።

ስለዚህ ዝቅ ባለ ሴዳን ባምፕ ስቶፕ የመጨረሻ መከላከያ መሆኑ ቀርቶ፣ በየመንገዱ የሚሠራ ሁለተኛ ሞላ ይሆናል። የሰው አካል ከላይ ወደ ታች የሚመጣን ንዝረት በጣም የሚጠላው ከ4 እስከ 8 ኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ ጎማው በጠንካራ ስቶፕ ላይ ባረፈ ቁጥር ቦዲው ወደዚያ ክልል ይገፋል። «ደረቀ»፣ «ይደበድባል» የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው የግዢ ምክር ቀላል ነው፦ ከሚያምረው ይልቅ የሚያንሰው አወራረድ ይመረጥ። ከ30 ወደ 45 ሚ.ሜ. መሄድ በዓይን ትንሽ ልዩነት ነው፤ በምሳሌው መኪና ላይ ግን የቀረውን ጉዞ ወደ 15 ሚ.ሜ. ያወርደዋል።

ባምፕ ስቶፑ

የፋብሪካው ባምፕ ስቶፕ በውስጡ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ያለው የፖሊዩሬቴን ጎማ ነው። ጫፉ ሾጠጥ ብሎ ለስላሳ፣ ወደ ላይ እየወፈረ ጠንካራ ነው። የአይባክ ወረቀት ለመኪናው «ይቆረጥ» ካለ፣ የሚቆረጠው በተባለው ሚሊሜትር ልክ፣ ከወፍራሙ ጫፍ ነው። የሾጠጠው ለስላሳ ጫፍ ይቆይ፤ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነውና። ይህን ገልብጦ የቆረጠ ሰው ቦታ ያገኘ ይመስለዋል፤ ያገኘው ግን ድንገተኛ ግድግዳ ነው። ስቶፑን ጨርሶ አውጥቶ መጣል ደግሞ ሾኩን ውስጡ ብረት ለብረት እንዲመታ ማድረግ ነው፤ ቫልቩ ብዙም አይቆይም።

ስቶፑ ካረጀ መቁረጡ ትርጉም የለውም። በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር፣ ዘይት የነካው ወይም ቀለበት ቀለበት ሆኖ የተሰነጠቀ ከሆነ አዲስ ይገዛ። አብሮት የሚገባውን የአቧራ መከላከያ ቡትም መለወጥ ይገባል፤ የተቀደደ ቡት የሾኩን ዘንግ ለአሸዋ ያጋልጣል፣ አሸዋውም የሾኩን ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚከላከለውን ጎማ) ይበላል።

ሾክ፦ ገንዘቡ የሚገባበት ቦታ

ሞላው 20 በመቶ ሲጠነክር ተመሳሳይ የማርገብ ደረጃ ለማግኘት ሾኩ 10 በመቶ ያህል መጠንከር አለበት። አዲስ የፋብሪካ ሾክ ይህን ያህል ጭማሪ ይችላል። 100,000 ኪ.ሜ. የሮጠ ሾክ ግን መጀመሪያውኑ ከልኩ በታች ሆኗል፤ ጠንካራ ሞላ ሲጨመርበት ሞላውን መመለሻው ላይ (ታምቆ ሲዘረጋ) መያዝ ያቅተዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ መኪናው እብጠት ካለፈ በኋላ አንዴ ተነስቶ አይረጋም፣ ሁለት ሦስቴ ይነጥራል። ብዙ ሰው ይህን «ሞላው ጠነከረ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሾኩ መላላቱ ግን አይታየውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ርዝመት ነው። እዚህ ላይ የቀደመው ምሳሌ ይረዳል። 30 ኒውተን በሚ.ሜ. የሆነው አዲሱ ሞላ በዚያው ክብደት 124 ሚ.ሜ. ብቻ ይታመቃል፤ ማለትም ርዝመቱ ካላጠረ መኪናውን 25 ሚ.ሜ. ከፍ ያደርገው ነበር። 30 ሚ.ሜ. ዝቅ እንዲል ነፃ ርዝመቱ ከፋብሪካው 55 ሚ.ሜ. ማጠር አለበት። የፋብሪካው ሾክ ከቆመበት ወደ ታች 80 ሚ.ሜ. የሚዘረጋ ከሆነ፣ ጎማው ሲንጠለጠል የድሮው ሞላ ገና 69 ሚ.ሜ. ታምቆ ይቀራል፤ አዲሱ ግን 14 ሚ.ሜ. ብቻ። በ45 ሚ.ሜ. አወራረድ ሞላው ሙሉ በሙሉ ይለቃል፤ ሲመለስ ጫፉ ከማረፊያው ሊዛነፍ ይችላል። ከላይ የተነገሩት የተጠጋጉ ለስላሳ ጥቅሎች የሚያተርፉት እዚህ ላይ ነው። አጠር ያለ ዘንግ ያለው ሾክ ግን ከሁሉም የተሻለ መፍትሄ ነው።

ከገበያው አማራጮች መካከል ከፕሮ-ኪት ጋር በደንብ የሚስማማው ቢልስታይን ቢ8 ነው። ቢ6 ለመደበኛ ከፍታ፣ ቢ8 ደግሞ ለአጭር ሞላ ተብሎ ያጠረው ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ የትዕዛዝ ስህተት ነው። ቢልስታይን ቢ12 ብሎ የሚሸጠው ጥቅልም ቢ8 እና የአይባክ ሞላ በአንድ ሳጥን ነው። ቢ8 ጋዝ ያለው ሞኖቲዩብ (ባለ አንድ ቱቦ ሾክ) በመሆኑ መኪናውን አጥብቆ ይይዛል፤ ዝግ ባለ ፍጥነት፣ በተሰነጣጠቀ አስፋልት ላይ ግን ትንንሹን ሁሉ ያሳውቃል። ይህን የማይወድ ሰው አለ፤ ሊወቀስም አይችልም።

ለስላሳነት ይቅደም የሚል ሰው ኮኒ ስፔሻል አክቲቭን ይመልከት፤ ቀድሞ ኤፍኤስዲ ይባል የነበረው ነው። ፈጣን ትንንሽ ንዝረት ሲመጣ ቫልቩ ማርገቡን ይቀንሳል፣ ቦዲው በዝግታ ሲወዛወዝ ወይም ሲያጋድል ይጨምራል። ቢጫው ኮኒ ስፖርት ደግሞ የመመለሻውን ጥንካሬ በመቆጣጠሪያው መለወጥ ያስችላል። ሰዎች እስከ መጨረሻው አጥብቀው ከዚያ ስለ ድርቀት ያማርራሉ፤ ከለስላሳው ጫፍ ጀምሮ ቦዲው መንጠሩን እስኪያቆም ብቻ መጨመር ነው ትክክለኛው መንገድ። መመለሻው ከመጠን በላይ ከጠበቀ፣ ተከታታይ እብጠቶች ላይ ሞላው ሳይዘረጋ እንደገና ይመታና መኪናው ቀስ በቀስ ወደ ስቶፑ ይወርዳል።

ኤሌክትሮኒክ ሾክ ያለው መኪና ለብቻው ይታይ። ሞላው ለዚያ ሥርዓት ተብሎ የተሠራ መሆኑ በክፍል ቁጥሩ ካልተረጋገጠ አይገዛ፤ የከፍታ ሴንሰሮቹ ዘንግም ከተገጠመ በኋላ መስተካከል ይፈልጋል።

አገጣጠም

መጀመሪያ የሚደረገው ምንም ሳይፈታ መለካት ነው። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ፣ በአራቱም ማዕዘን። ከመሬት መለካት ጎማው ውስጥ ያለው አየርና የወለሉ ሁኔታ ስለሚያዛባው አይታመንም። የታንኩ ነዳጅና በውስጡ ያለው ዕቃም ይመዝገብ፤ በኋላ ለማነጻጸር ያስፈልጋል።

ከሞላው ጋር አብረው መገዛት ያለባቸው፦ የፊት ስትራት (ሞላና ሾክ አንድ ላይ የተሰካኩበት ክፍል) የላይ ማረፊያ ከነኩሽኔቱ፣ የሞላ ማረፊያ ጎማዎች፣ ባምፕ ስቶፕና ቡት፣ የዘንጉ አዳዲስ ዳዶዎች፣ አምራቹ «አንዴ ብቻ» ያላቸው ብሎኖች በሙሉ። እነዚህ ከሞላው አንጻር ርካሽ ናቸው። ስትራቱ አንዴ ተፈትቶ ሳለ የድሮውን ኩሽኔት መልሶ ማስገባት፣ ከወራት በኋላ ያንኑ ሥራ እንደገና መክፈል ማለት ነው።

በፊት በኩል ስትራቱ ከወጣ በኋላ ሞላው በሞላ መጭመቂያ ይታመቃል። ሁለቱ መንጠቆዎች ፊት ለፊት፣ እኩል እኩል እየተዞሩ መሄድ አለባቸው፤ አንዱ ከቀደመ ሞላው ይጎብጣል፣ ይህም አደገኛ ነው። የላይኛው ዳዶ የሚፈታው ሞላው ከማረፊያው መላቀቁ በእጅ ተነካክቶ ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው። አዲሱን ሲያስሩ የዘንጉን ጫፍ በቁልፍ ይዞ ዳዶውን በእጅ ማጥበቅ ይገባል፤ በአየር ጠመንጃ ከሆነ ዘንጉ ይሽከረከራል፣ ውስጥ ያለውን ፒስተንና ሲል ይጎዳል። ዘንጉን በፒንሳ መያዝ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ የተቧጠጠ ዘንግ ሲሉን ከውስጥ ይቆርጠዋል። ሞኖቲዩብ ሾክ አካሉ በሞርሳ አይያዝ፤ ፒስተኑ በቀጥታ በቱቦው ግድግዳ ላይ ስለሚሄድ ትንሽ ጭርምትም ታበላሸዋለች።

የሞላው ጫፍ በታችኛው ማረፊያ ላይ ካለው ደረጃ ጋር መግጠም አለበት። ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ወደላይ ሲነበብ አብዛኛውን ጊዜ ሞላው በትክክል ቆሟል፤ ተገልብጦ የገባ ፕሮግረሲቭ ሞላ ግን ያው ይሠራል ተብሎ አይታለፍ። የጥቅሎቹ ዲያሜትር ከላይና ከታች ስለሚለያይ ማረፊያውን እየበላ ይጮኻል።

ኋላው መልቲሊንክ (ጎማው በብዙ ክንዶች የተያዘበት) ሆኖ ሞላውና ሾኩ ለየብቻ በሆኑ መኪናዎች፣ ለምሳሌ በቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ ኢ90፣ ሥራው ይቀላል። የሾኩ ታች ብሎን ይፈታል፣ ክንዱ (ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚያያይዘው ብረት) በክሪክ ቀስ ተብሎ ይወርዳል፣ ሞላው ይወጣል። የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው እንዳይወጠሩ ዓይን ይጣልባቸው። ማረፊያ ጎማው ከላይም ከታችም ተጠርጎ በትክክል ይቀመጥ፤ ከሞላው በታች የገባች ጠጠር ከሳምንት በኋላ ቀለሙን ትልጣለች፣ ከቀለሙ በኋላ ዝገት፣ ከዝገት በኋላ ስብራት ይመጣል።

አብዛኞቹ የሚስቱት ይኸኛው ነው

ክንዶቹን ከቦዲው ጋር የሚያያይዙት የጎማ ቡሾች ውስጣቸው ያለው ብረት በብሎኑ ሲጠብቅ ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ክንዱ ሲንቀሳቀስ የሚጠማዘዘው ጎማው ራሱ ነው። መኪናው በሊፍት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኖቹ ከጠበቁ ቡሹ «ዜሮ» ብሎ የሚይዘው የተንጠለጠለውን ቦታ ነው። 350 ሚ.ሜ. ርዝመት ያለው ክንድ ከተንጠለጠለበት እስከሚቆምበት 110 ሚ.ሜ. ቢጓዝ፣ ቡሹ መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ 18 ዲግሪ ያህል ተጠማዝዞ ነው የሚውለው። ውጤቱ ሁለት ነው፤ ቡሾቹ ተጨማሪ ሞላ ሆነው መኪናውን ያደርቁታል፣ ከፍታውንም ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ያደርጋሉ፤ ከዚያም የቡሹ ጎማ በአጭር ጊዜ ይቀደዳል።

መፍትሄው ብሎኖቹን ለጊዜው በእጅ ብቻ አስሮ መተው ነው። ከዚያ ክሪክ በቸርኬው ማሰሪያ ማዕከል (ሀብ) ሥር ገብቶ፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ያለው ርቀት አዲሱ የሚጠበቅ ከፍታ እስኪሆን ይነሳል፤ በፊት 370 ሚ.ሜ. ከነበረ አሁን 340። በዚያ ቦታ ላይ በቶርክ ቁልፍ፣ በአምራቹ ልክ ይታሰራል። አራት ምሰሶ ሊፍት ወይም ጉድጓድ ካለ ደግሞ መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ማሰር ከሁሉ ይቀላል። አዲስ ሞላ ከገባ በኋላ «መኪናው ደረቀ» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሾኩ ምን ዓይነት ነው የሚለው ሳይሆን ብሎኖቹ የት ሆነው ጠበቁ የሚለው ነው። እነሱን አላልቶ በቆመበት መልሶ ማሰር ምንም ዕቃ አይጠይቅም።

አላይመንትና ጎማ

አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ጥቂት ሚሊሜትር ይረጋል። ስለዚህ በዕለቱ ቶው (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበት ማዕዘን) ብቻ ይስተካከል፤ ሙሉው አላይመንት ከ300 እስከ 500 ኪ.ሜ. በኋላ ይሠራ። መኪናው 30 ሚ.ሜ. ሲወርድ ካምበሩ ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳል፣ ማለትም የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ኋላው መልቲሊንክ ከሆነ ከፊቱ ስትራት የበለጠ ይሄዳል። የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ሲበላ ሁሉም ካምበርን ይከስሳል። አንድ ወይም አንድ ተኩል ዲግሪ ካምበር ብቻውን ግን ጎማ በፍጥነት አይጨርስም፤ የሚጨርሰው ከካምበሩ ጋር የተዛባው ቶው ነው። አላይመንት ሠሪው «አረንጓዴ ነው» (በልኩ ውስጥ ነው) ብሎ ቢመልስም ወረቀቱ ላይ የግራና የቀኙ ቶው እኩል መሆኑ ይታይ።

ከ30 ሚ.ሜ. በላይ ላለመሄድ ሌላ ምክንያት አለ። በስትራት ሰስፔንሽን የታችኛው ክንድ ከአግድም አልፎ ወደ ላይ ማዘንበል ሲጀምር የሮል ሴንተሩ (ቦዲው ኩርባ ላይ ሲያጋድል የሚዞርበት ነጥብ) ከመኪናው የስበት ማዕከል በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል። መኪናው ዝቅ ብሎም ኩርባ ላይ የሚያጋድለው ኃይል ይጨምራል፤ ሞላው የጨመረው ጥንካሬም ይህን በማካካስ ያልቃል። የመሪው ዘንግ ማዕዘንም አብሮ ስለሚዛባ፣ እብጠት ላይ መሪው በራሱ ትንሽ ይስባል።

ቸርኬን በተመለከተ፣ ዝቅ ያለ መኪናን ምቾት ለማትረፍ ከጎማው ግድግዳ የረከሰ መንገድ የለም። 225/45 አር17 ጎማ 101 ሚ.ሜ. ግድግዳ አለው፤ 225/40 አር18 ደግሞ 90 ሚ.ሜ.። አሥራ አንድ ሚሊሜትር ጎማ በኩል ማጣትና 30 ሚ.ሜ. ሰስፔንሽን በኩል ማጣት በአንድ ጊዜ ከመጡ ሰው ሁለቱን መለየት ያቅተውና ሞላውን ይረግማል። መኪናውን ዝቅ የሚያደርግ ሰው 17 ኢንች ላይ ቢቆይ ይመከራል፤ ዝቅ ሲል የፓራፋንጎው ክፍተት ስለሚጠብብ ቸርኬው ከነበረው የተለቀ መስሎ ይታያልና በመልክም ብዙ አይጎዳም።

ድምፅ ሲመጣ

መሪ ሲዞር ፊት በኩል «ጓ» የሚል ድምፅ የስትራቱ ኩሽኔት ወይም ከደረጃው የወጣ የሞላ ጫፍ ነው። ትንንሽ ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ የስታቢላይዘር ሊንኩ (የመኪናውን ማጋደል የሚቀንሰውን ዘንግ የሚያገናኘው አጭር ብረት) ይመርመር፤ መኪናው ሲወርድ ማዕዘኑ ስለተቀየረ ያረጀ የሊንክ ቦል ቶሎ ራሱን ያጋልጣል። ኋላ በኩል ሰው ሲሳፈር ብቻ የሚመታ ከሆነ ባምፕ ስቶፑ ነው፤ አራት ሰውና ሙሉ ዕቃ ይዞ አዘውትሮ ለሚሄድ መኪና ይህ ሞላ አይመከርም። አንዱ ጎን ከሌላው ከ5 ሚ.ሜ. በላይ ከወረደ ደግሞ መጀመሪያ የማረፊያ ጎማዎቹ ውፍረት ይለካ፣ ቀጥሎ የቡሾቹ ማሰሪያ። ሞላው ራሱ ጉድለት ያለበት ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ከተፎካካሪዎቹ ጋር

የኤች ኤንድ አር ስፖርት ሞላ ከፕሮ-ኪት ትንሽ ዝቅና ጠንከር ይላል፤ መሪው ላይ የሚሰማው ምላሽ ይበልጣል፣ በተጎዳ መንገድ ላይ ግን ስቶፑን ቶሎ ያገኛል። ለጠማማ መንገድ የሚነዳ ሰው እሱን ሊመርጥ ይችላል። ከፍታው የሚስተካከል ኮይልኦቨር ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው፤ ርካሹ ምድብ ከፕሮ-ኪትና ቢ8 ጥምረት ጋር ምቾት ላይ አይወዳደርም፤ ጥሩው ምድብ ይወዳደራል፣ ዋጋውም እንደዚያው።

የፋብሪካውን ሞላ መቁረጥ አማራጭ ተብሎ እንዳይቆጠር። ጥቅል ሲቀነስ ሞላው ይጠነክራል፣ ስለዚህ ከተቆረጠው ያነሰ ይወርዳል፤ ሰውየው እንደገና ይቆርጣል። የተቆረጠው ጫፍ ማረፊያው ላይ በትክክል አይቀመጥም፤ በመቁረጫ ግራይንደር ወይም በእሳት የሞቀ ብረት ደግሞ ጥራቱን አጥቷል።

ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ፊትና ኋላው እኩል ካልወረደ የፊት መብራቱ ጨረር አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ራሱን የሚያስተካክል መብራት ያላቸው መኪናዎች ደግሞ የከፍታ ሴንሰራቸው አዲሱን ቁመት እንደ ጭነት ስለሚያነበው፣ ዜሮ ነጥቡ በዲያግኖስቲክ መሣሪያ መመለስ ይኖርበታል። መስታወት ላይ ካሜራ ያላቸውም ከአላይመንቱ በኋላ ካሊብሬሽን (የካሜራውን ልኬት ማስተካከል) ይጠይቃሉ። የቸርኬ ብሎኖቹ፣ በኢ90 ላይ 120 ኒውተን ሜትር፣ ከ50 እስከ 100 ኪ.ሜ. በኋላ አንዴ በቶርክ ቁልፍ ይታዩ፤ በዚያው አጋጣሚ አራቱም ማዕዘን እንደገና ተለክቶ ከመጀመሪያው ወረቀት ጎን ይጻፍ።